ቦርጭ፣ ኪሎና ግፊት፦ ቤት ውስጥ ለመለካት የቱን ዕቃ ልግዛ?

ዕድሜው ከ18 እስከ 40 ያለ ሰው ኪሎው ሲጨምርና ሲቀንስ ግፊቱ ምን እንደሚሆን ቤቱ ሆኖ ለመከታተል ቢፈልግ፣ ገበያው አምስት ነገር ያቀርብለታል፦ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የሰው ሚዛን፣ ክንድ ላይ የሚታሰር አውቶማቲክ የግፊት መለኪያ፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ትንሽ መለኪያ፣ እና ግፊት ያነባል የሚባል ስማርት ሰዓት። መግዛት ያልፈለገ ደግሞ የመንገድ ዳር ሚዛንና የፋርማሲ ልኬት አለለት። ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። አንደኛ ሜትሩ፣ ሁለተኛ ሰፊ ካፍ (ክንድ ላይ የሚጠመጠመው አየር የሚሞላው ጨርቅ) ያለው የክንድ መለኪያ፣ ሦስተኛ ሚዛኑ። ለአንጓውና ለሰዓቱ የሚወጣው ገንዘብ ሌላ ነገር ቢገዛበት ይሻላል።

ከመረጥናቸው ከሦስቱ ውድ በሆነው በክንድ መለኪያው እንጀምር፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና።

ገዢ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ስለ ብራንዱ ነው። ኦምሮን ነው? ማይክሮላይፍ ነው? ሊጠየቅ የሚገባው ግን ካፉ ስንት ሴንቲ ሜትር ክንድ ይይዛል የሚለው ነው። ቁጥሩ ካፉ ላይ ታትሟል። መደበኛው ብዙውን ጊዜ 22–32 ይላል፣ ሰፊው 22–42። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ከሆነ በኢንች 9–17 ተብሎ ይጻፋል፤ ይህም ሰፊው ነው። (በዚያው የኤሌክትሪክ አስማሚውን ጀርባ ማየት አይረሳ፤ 100–240 ቮልት ካላለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። በባትሪ ድንጋይ መጠቀም ከጣጣ ያድናል።)

የክንድን ዙሪያ መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ክርንን አጥፎ ከትከሻ ጫፍ አጥንት እስከ ክርን ጫፍ ያለውን ርዝመት መለካት፣ መሃሉ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ፣ ክንዱን ዘና አድርጎ ማውረድ፣ ከዚያ ምልክቱ ላይ ሜትሩን ቆዳውን ሳይጨምቅ ማዞር። 33 እና ከዚያ በላይ የመጣለት ሰው 22–32 ካፍ ያለውን መሣሪያ የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዛ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ካፉ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት የክንዱን ዙሪያ ቢያንስ 80 በመቶ ማቀፍ አለበት። ክንዱ ወፍሮ ከረጢቱ ካጠረ፣ ጫናው ወደ ደም ሥሩ በእኩል አይደርስም፤ መሣሪያው ደም ሥሩን ለመዝጋት ከሚገባው በላይ አየር ይነፋል፣ ስክሪኑ ላይም የተጋነነ ቁጥር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቶታል። ትልቅ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ 4.8 ከፍ ብሎ ተነቧል። ከሁሉም ትልቁ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ 19.5 ከፍ ብሏል። ግፊቱ 122 የሆነ ወፍራም ወጣት 141 ወይም 142 ተብሎ ለመድኃኒት ይታጫል ማለት ነው።

እንግዲህ ኪሎ ግፊትን ይጨምራል፤ ኪሎ የግፊት መለኪያውንም ያሳስታል። ሁለቱን ሳይለይ «ወፈርኩና ግፊት ያዘኝ» የሚል ሰው ከተናገረው የትኛው የሰውነቱ፣ የትኛው የካፉ እንደሆነ አያውቅም።

ቀጭን ሰውም አያመልጥም። በዚያው ጥናት ትንሽ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ ውጤቱ 3.6 ዝቅ ብሎ ነው የወጣው። ክንዷ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ22–32 ካፍ ተለክታ «ግፊትሽ ወርዷል፣ ጨው ያለው ነገር ቅመሺ» የምትባለው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው። ለእንዲህ ያለ ክንድ ትንሹን ካፍ ለብቻው ማዘዝ ያስፈልጋል፤ እዚህ አገር ሱቆች ውስጥ ማግኘቱ ከሰፊው ይልቅ ይከብዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የአንዱን ብራንድ ካፍ ከሌላው ብራንድ ማሽን ጋር ማጋባት አይገባም። ቱቦው ቢገጥምም ስሌቱ የተሠራው ለራሱ ካፍ ነው።

ስሌት ያልነው ያለ ነገር አይደለም። አውቶማቲኩ መሣሪያ እንደ ሐኪም ስቴቶስኮፕ ድምፅ አያዳምጥም። ካፉ ሲተነፍስ ደም ሥሩ የሚያደርገውን መርገብገብ ይቀበልና፣ ርግብግቡ ከፍ ከሚልበት ቦታ ተነስቶ የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር በቀመር ይገምታል። ቀመሩ የየፋብሪካው ምስጢር ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሰው ላይ ተፈትኖ ማለፉ ወሳኝ ነው፤ የፈተናው ደረጃ አይኤስኦ 81060-2 ይባላል። ስትራይድ ቢፒ የሚባለው ድረ ገጽ ያለፉትን መሣሪያዎች ዝርዝር በነጻ ያሳያል። ፍለጋው በካርቶኑ ላይ ባለው የንግድ ስም ሳይሆን ከመሣሪያው ሥር በተለጠፈው የሞዴል ኮድ ይሁን፤ አንዱ መሣሪያ በየአገሩ የተለያየ ስም ይዞ ይሸጣልና። ኮዱ የተፋቀ ወይም ጭራሽ የሌለ ከሆነ ሱቁን መልቀቅ ነው።

አለካኩ ላይ የሚበላሸው ነገር ከዕቃው ይልቅ ይበዛል። ቡና፣ ሲጋራ፣ ኢነርጂ ድሪንክና እስፖርት ከመለካት 30 ደቂቃ በፊት ይቁም። ጫትም ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋል፣ ያውም ለሰዓታት፤ በምርቃና ላይ የተለካ ግፊት ለምንም አይረባም። ሽንት ይሸና። ጀርባ ወንበሩን ተደግፎ፣ ሁለት እግር መሬት ረግጦ፣ እግር ሳይቆላለፍ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ። ስልክ መነካካትም ወሬም የለም፤ በሚለካበት ጊዜ የሚያወራ ሰው በወሬው ብቻ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ካፉ ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፣ የታችኛው ጠርዙ ከክርን እጥፋት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ከሥሩ ሁለት ጣት እንዲያስገባ ተደርጎ። ሹራብ ወደ ላይ ጠቅልሎ ማሰር የተለመደ ነው፤ ጥቅሉ ክንዱን እንደ ገመድ ስለሚያንቀው ሹራቡን ጭራሽ ማውለቅ ይሻላል።

ክንዱ የት ያርፋል የሚለው ቀልድ አይደለም። እዚያው መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት፣ ክንድ ጭን ላይ ሲቀመጥ የላይኛው ግፊት በአማካይ 3.9፣ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ሲለካ 6.5 እንደሚጋነን አሳይቷል። ካፉ ከልብ እኩል እንዲሆን ክንዱ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። የቡና ጠረጴዛ ዝቅ ይላል፣ ትራስ ይደረግበት።

አንድ ጊዜ ለክቶ መደምደም የለም። ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው አንድ ደቂቃ ልዩነት ያላቸው ሁለት ሁለት ልኬቶች ይያዙ። የመጀመሪያው ቀን ይጣል፤ የቀሩት 24 ልኬቶች አማካይ ነው ግፊትህ ወይም ግፊትሽ የሚባለው። ቤት የተለካ አማካይ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ብሏል፤ ሐኪም ቤት ሲለካ ድንበሩ 140 በ90 ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ 130 በ80ን ድንበር ስላደረጉ፣ ዋሽንግተን ያለ ወንድም «ግፊት አለብህ» ተብሎ፣ በተመሳሳይ ቁጥር አዲስ አበባ ያለው እህቱ «ደህና ነሽ» ብትባል ከሁለቱ አንዱ ሐኪም ተሳስቷል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሜትሩ። ዋጋው ከሁሉም የረከሰ፣ መልሱ ከሁሉም የጠራ ነው።

የወገብ ልኬት ቦታው እምብርት አይደለም፣ የቀበቶ መስመርም አይደለም። በጎን በኩል የመጨረሻውን የጎድን አጥንት በጣት መፈለግ፣ ከሥር የዳሌን አጥንት የላይኛውን ጠርዝ መፈለግ፤ የሁለቱ መሃል ነው የሚለካው። ሜትሩ ዙሪያውን ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሁን (ከጀርባ ብዙ ጊዜ ይወርዳል፣ መስታወት ፊት መቆም ይረዳል)፣ ቆዳ ላይ ይረፍ፣ አይጨምቅ። ትንፋሽ በልክ ተለቅቆ ሲያበቃ ይነበባል። ሆድ መሳብ ክልክል ነው፤ ሁሉም ይስባል።

ወንድ «ሱሪዬ 32 ነው» ብሎ ይሞግታል። 32 ኢንች 81 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ነገር ግን ቦርጭ ያለው ሰው ቀበቶውን ከቦርጩ በታች ስለሚያስር የሱሪው ቁጥር ለዓመታት አይለወጥም። ቦርጩ ከላይ ሲያድግ ሱሪው አያውቅም።

ድንበሩ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከ102 እና ከ88 ካለፈ ጉዳቱ ይብሳል። ከዚህ የሚቀለው ደግሞ ወገብ ከቁመት ግማሽ አይለፍ የሚለው ነው። ሜትር ለሌለው ሲባጎም ይበቃል፦ በቁመት ልክ ቆርጦ፣ ለሁለት አጥፎ፣ ወገብ ላይ ማዞር። ካልገጠመ ወገቡ በዝቷል።

ቁመቱ 1.72፣ ኪሎው 71 የሆነ ወጣት እንውሰድ። ኪሎን ለቁመት፣ እንደገና ለቁመት ስናካፍል የሚመጣው ቢኤምአይ 24 ነው፤ ከ18.5 እስከ 24.9 ባለው ጤናማ ክልል ውስጥ ገብቷል፣ ሚዛኑም አሞግሶ ይሸኘዋል። ወገቡ ግን 93 ከሆነ፣ የቁመቱ ግማሽ 86 ስለሆነ በ7 ሴንቲ ሜትር አልፏል። እጅና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ የወጣ ሰው በእኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም፤ ሚዛን የማይዘው እሱን ነው። ተቃራኒውም አለ፦ ቁመቱ 1.75፣ ኪሎው 85 የሆነ ጂም የሚሠራ ልጅ ቢኤምአዩ 27.8 መጥቶ «ከመጠን ያለፈ» ይባላል። ወገቡ 82 ከሆነ ከቁመቱ ግማሽ በታች ነው፤ ኪሎው ጡንቻ ነው። ቢኤምአይን ቤልጅጋዊው የሒሳብ ሊቅ ኬትሌት በ19ኛው መቶ ዘመን ሲቀምረው የሕዝብን አማካይ ለማጥናት ነበር፤ አንድን ሰው ለመፍረድ አልነበረም። እግረ ረጃጅም ሰዎችንም ከሆነው በታች አሳንሶ ያሳያል።

ቦርጩ ለምን ከታፋና ከዳሌ ስብ ይልቅ ግፊት ላይ ይከፋል? በአንጀት ዙሪያና በኩላሊት አካባቢ የሚከማቸው ስብ ኩላሊትን ይጫናል፣ ኩላሊትም ጨውና ውሃ ይይዛል። የስብ ሕዋሳት የሚለቁት ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን የነርቭ ሥርዓቱን ያነቃቃል፤ ደም ሥር የሚያጠብቡና ጨው የሚያስቀሩ ሆርሞኖችም ይጨምራሉ። ወጣት ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ከፍ የሚለው የታችኛው ቁጥር ነው። 128 በ92 አይቶ «የላይኛው ደህና ነው» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው፤ የታችኛው ብቻውን ድንበሩን ካለፈ ግፊት ነው።

ሚዛኑን ሦስተኛ ያደረግነው አይጠቅምም ብለን አይደለም። አቅጣጫ ያሳያል። ጠዋት፣ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በስስ ልብስ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ። ምንጣፍ ላይ የቆመ ሚዛን ይዋሻል፤ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ ይሁን። ትክክለኛነቱን መፈተን ቀላል ነው፦ ባለ 2 ሊትር ስድስት የታሸገ ውሃ እስር 12 ኪሎና ትንሽ ግራም ነው። መጀመሪያ ብቻን፣ ቀጥሎ እስሩን ይዞ መመዘን፤ ልዩነቱ 12 አካባቢ ካልመጣ ሚዛኑ ተበላሽቷል። ባለ ሞላው ሚዛን ሲቆይ ሞላው ይላላል፤ ከመውጣት በፊት ዜሮ ላይ መሆኑ በየጊዜው ይታይ። «የስብ ፐርሰንት» ለሚያሳየው ሚዛን ተጨማሪ ብር መክፈል አይመከርም። ከእግር ወደ እግር ደካማ ኤሌክትሪክ ልኮ ነው የሚገምተው፤ ውሃ ሲጠጣ፣ ሲያልብ፣ ገላ ሲታጠብ ቁጥሩ ይቀያየራል፣ ሆድ ውስጥ ያለውን ስብ ደግሞ በቀጥታ አያየውም። የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው ጭራሽ አይውጣበት።

ኪሎ ሲቀንስ ግፊት ስንት ይወርዳል? በጥናቶች አማካይ፣ በአንድ ኪሎ አንድ ነጥብ ያህል። ይህ ቁጥር ገዢ ማወቅ ያለበትን አንድ ነገር ይዟል። በአንድ ቀን ውስጥ ያለምንም ምክንያት ግፊት ከ5 እስከ 10 ነጥብ ይዋዥቃል፤ ሁለት ኪሎ የቀነሰ ሰው የሚጠብቀው የ2 ነጥብ ለውጥ በዚያ ውስጥ ይሰወራል። ሰው በሁለተኛው ሳምንት «ለፋሁ፣ ምንም የለም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። የሳምንት አማካይን ከሳምንት አማካይ፣ ያውም ከወር ወይም ከሁለት ወር በኋላ ማነጻጸር ይገባል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ከ18 እስከ 30 ዓመት የነበሩ 5,115 ሰዎችን የተከታተለው ካርዲያ የተባለው ጥናት ከዚህ የሚበልጥ ነገር አሳይቷል። ለ15 ዓመት ቢኤምአያቸው ሳይጨምር የቆየ ሰዎች፣ መነሻቸው ወፍራምም ቢሆን፣ ግፊታቸው እምብዛም አልተንቀሳቀሰም፤ የጨመሩት ግን ግፊታቸውም አብሮ ወጣ። ለብዙ ወጣት አሥር ኪሎ ከመጣል ይልቅ ባለበት መቆየት የሚደረስበት ግብ ነው።

የመንገድ ዳሩና የፋርማሲው አገልግሎት ለየብቻ ይፈረድ። የእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡት ልጆች ኪሎን ከነጫማና ከነጃኬት፣ በተንጋደደ ኮብልስቶን ላይ ነው የሚለኩት፤ የአንድ ሁለት ኪሎ ስህተት ይጠበቃል። ቁመት የሚለኩት ግን ቢኤምአይ ለማስላት ከበቂ በላይ ናቸው። ግፊት ግን መንገድ ላይ አይለካ፦ ሰውየው ሲራመድ መጥቶ፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ፣ ክንዱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሚኒባሱ ጥሩምባውን እያስጮኸ። ፋርማሲ ይሻላል፣ ለመጀመሪያ ምርመራም ይመከራል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ ግፊት ተገኝቶባቸው፣ አብዛኛው ሕዝብ ግን ተለክቶ የማያውቅ ነበር። ተገልጋዩ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ «መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ልቀመጥ» እና «ትልቅ ካፍ አላችሁ?»። ሁለተኛውን ሲሰሙ ግራ የሚጋቡበት ቤት በወፍራም ክንድ ላይ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም።

የአንጓ መለኪያ ክንዱ በጣም ወፍሮ ወይም ኮን ቅርጽ ይዞ ምንም ካፍ ለማይገጥመው ሰው ብቻ ነው የሚታሰበው። አንጓው ከልብ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ቁጥሩ 8 ነጥብ ያህል ይጨምራል፣ ከፍ ቢል ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ሰዓቱ ደግሞ ከነጭራሹ ብቻውን አይቆምም፤ የሳምሰንጉ ለምሳሌ በየ28 ቀኑ በክንድ መለኪያ መስተካከል አለበት። ታዲያ የክንዱ ካለ ሰዓቱ ለምን?

የተገዛውን መሣሪያ በዓመት አንዴ ሐኪም ቤት ይዞ ሄዶ፣ በአንድ ክንድ ላይ ከእነሱ ጋር እያፈራረቁ መለካት ተገቢ ነው። በ10 እና ከዚያ በላይ ከተለያዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቱቦው መሰንጠቅና የካፉ ቬልክሮ መላላት ነው፤ ሁለቱም ለብቻ ይገዛሉ። 180 በ110 አካባቢ ታይቶ ደረት የሚወጋ፣ ትንፋሽ የሚያጥር፣ አፍ የሚያስተሳስር ወይም ዓይን የሚጋርድ ነገር ከመጣ ግን ድጋሚ መለካት ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ምልክት ሳይኖር የሳምንቱ አማካይ ከድንበሩ ካለፈና ዕድሜው ከ40 በታች ከሆነ ሐኪሙ ኩላሊትን፣ ሆርሞንን፣ ሴት ከሆነች የምትወስደውን የወሊድ መከላከያ ኪኒን ጭምር እንዲያይ ይጠበቃል። በጣም ወፍራም ወጣት ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ምርመራው በእንቅልፍ ውስጥ ከሚመጣ የትንፋሽ መቆራረጥ እንዲጀመር ይላል። ስለዚህ ከልኬት ደብተሩ ጋር አንድ ተጨማሪ መረጃ ይዞ መሄድ ነው፦ አብሮ የሚያድር ሰው ማንኮራፋቱን፣ በመሃልም ትንፋሹ ቀጥ ማለቱን ሰምቶ እንደሆነ።